ልብስና ፍርድ፦ በቱምና በአካባቢው የጎረምሳ ወንዶች ተማሪዎች አለባበስ

አንድ መምህር ወደ አዲስ ክፍል ሲገባ ስለ ተማሪዎቹ የሚያገኘው የመጀመሪያ መረጃ በመዝገብ የሰፈረ ውጤት ሳይሆን በዓይን የሚታይ ልብስ ነው። ማን ጫማ እንደተጫማ፣ የማን ቦላሌ እንደተቀደደ፣ ማን ጋቢ ደርቦ እንደመጣ፣ ማን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ እንደተቀመጠ ስም ከመጠራቱ በፊት ታይቶ ያልቃል። የታየውም ሳይመረመር ወደ ፍርድ ይለወጣል፤ አንዱ ጨዋ፣ ሌላው ዱርዬ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ገና ያልሠለጠነ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ፍርድ በምን ላይ እንደሚመሠረትና በጉርምስና ዕድሜ በሚገኙ ወንዶች ተማሪዎች ላይ ምን እንደሚያስከትል በቱም ከተማና በማጂ አካባቢ ካለው ሁኔታ በመነሣት ማስረዳት ነው።

ቱም በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ በማጂ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደጋ የዲዚ ብሔረሰብ አገር ሲሆን፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ቁልቁል የሚወርደው ቆላ የሱሪ ከብት አርቢዎች መኖሪያ ነው። በሰሜን በኩል የሜኢኒት ሕዝብ ይኖራል። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ በልዩ ልዩ ዘመን በወታደርነት፣ በነጋዴነትና በመንግሥት ሠራተኛነት ከሰሜንና ከመሐል አገር የመጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። የዲዚ ቋንቋ ከኦሞአዊ፣ የሱሪና የሜኢኒት ቋንቋዎች ግን ከአባይ ሰሃራ ቤተሰብ የሚመደቡ ስለሆኑ፣ በአንድ የክፍል ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ጎረምሶች የእርስ በርስ ንግግራቸውን ሳይሰሙ በፊት አስቀድመው የሚተያዩት በልብሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

በቅድሚያ አንድ የቃላት መገጣጠም ማንሣት ያስፈልጋል። የብሔረሰቡ ስም «ሱሪ» ነው፤ በአማርኛም ቦላሌ «ሱሪ» ይባላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ምንም ዝምድና የለም። ይሁን እንጂ ግጥምጥሞሹ ለቀልድ እጅግ የተመቸ በመሆኑ «ሱሪ የሌለው ሱሪ» የሚለውን ፌዝ ለመፍጠር ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ቀልዱን የሚናገረው ሰው አዲስ ነገር የተናገረ ይመስለዋል፤ የሚሰማው ልጅ ግን አማርኛ መስማት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ያውቀዋል። ከዚህ በታች ግራ መጋባት እንዳይፈጠር «ሱሪ» የሚለው ቃል ለብሔረሰቡ ብቻ ያገለግላል፤ ለልብሱ «ቦላሌ» የሚለው ተመርጧል።

የፍርዱ መነሻ

ልብስ በዚህ አካባቢ የሰው መለያ የሆነው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 የካፋ መንግሥት ከተሸነፈና ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ገፍቶ የማጂን አካባቢ በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የዝሆን ጥርስ፣ የጦር መሣሪያና የባሪያ ንግድ በአካባቢው ተስፋፍቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የዲዚና የአጎራባቾቻቸው ሕዝብ ቁጥር እጅግ ተመናምኗል። በባርነት መያዝ በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ነጭ ሸማ የለበሰ ሰው ከገዢው ወገን፣ ቆዳ ያገለደመ ወይም ገላው የተገለጠ ሰው ደግሞ ከገባሩ ወይም ከሚታደነው ወገን ሆኖ ይታይ ነበር። «ሻንቅላ» የሚለው ስያሜም የቆዳን ጥቁረት፣ ሃይማኖትንና ዕርቃንን በአንድ ቃል አጣምሮ የያዘ ስድብ ነው። ቃሉ በትምህርት ቤት ሲነገር የሚሰማ መምህር ስለ አለባበስ ብቻ እየተነገረ እንደሆነ ሊያስብ አይገባውም፤ በውስጡ ማን ይሸጥ እንደነበረ የሚያስታውስ ታሪክ አለበት።

ይህ ሁኔታ በዘር መድልዎ ታሪክ ውስጥ ለብቻው የቆመ አይደለም። የሌላው አገር ዘረኝነት በአብዛኛው በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ የእኛ መምህራን ጉዳዩ የማይመለከታቸው ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ጥቁር በሆነበት አገር «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እየተባለ ሲከፋፈል፣ በክፍፍሉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሰው ከቆዳው ጋር ልብሱም አብሮ ይመዘናል።

«ራቁት» የሚለው ቃል ምን ይሸፍናል?

የሱሪ ጎረምሳ በተለምዶ የሚለብሰው አንድ ወጥ፣ ያልተሰፋ ጨርቅ ነው፤ በአንድ ትከሻው ላይ ቋጥሮ ይጥለዋል። ጨርቁ ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ በዝናብ ጊዜ መከለያ ነው። ከዚህም ሌላ በነጭ አፈር ገላን ማስጌጥ፣ ፀጉርን በምላጭ በቅርጽ መላጨት፣ ለዱላ ግጥሚያ ክንድንና ቅልጥምን በመከላከያ መጠቅለል የአለባበሱ ክፍሎች ናቸው። ግጥሚያው በሰፊው «ዶንጋ» በሚለው ስም ይታወቃል። በከብት ጥበቃ ላይ የዋለ ልጅ፣ ለግጥሚያ የተዘጋጀ ልጅና ወደ ገበያ የሚወጣ ልጅ አንድ ዓይነት ሆነው አይታዩም። ቀለምም ዝም ብሎ የሚመረጥ አይደለም። የሱሪ የቅርብ ዘመዶች በሆኑት በሙርሲዎች ዘንድ የቀለም ስሞች ከከብት መልክ ጋር የተሳሰሩ መሆናቸውን የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት አብራርተዋል፤ የሱሪ ወጣትም ከሚወደው በሬ መልክ ጋር ራሱን ያስተሳስራል። ስለዚህ ከሩቅ የሚያይ ሰው «ራቁት» በሚለው አንድ ቃል የሚዘጋው ነገር፣ ከውስጥ ለሚያየው ዕድሜን፣ ሁኔታንና ስሜትን ለይቶ የሚናገር ነው።

ይህን ለመረዳት የደጋው ሰው ከራሱ ልማድ በላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጋቢና ኩታም ያልተሰፉ፣ በትከሻ ላይ የሚጣሉ ጨርቆች ናቸው። ሸማውን አደግድጎ የቆመ ሰው አክብሮቱን፣ አጣፍቶ የለበሰ ሰው በቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ ዘቅዝቆ የለበሰ ሐዘንተኛ መሆኑን ያለ ቃል ይናገራል። የአንዱ የትከሻ ጨርቅ «ጨዋነት»፣ የሌላው የትከሻ ጨርቅ «ኋላ ቀርነት» የተባለው ከጨርቁ ባሕርይ የተነሣ ሳይሆን ከለባሹ ማንነት የተነሣ ነው።

ቦላሌና ኮት ራሳቸው ከውጭ የመጡ መሆናቸውም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው ሊቀርብ የነበረውን የልብስ ትርኢት የባህል ወረራ ነው ብለው በኃይል በተቃወሙ ጊዜ፣ ቁጣው ያተኮረው በሴቶች አጭር ቀሚስ ላይ ነበር። የተቃዋሚዎቹ ወንዶች ልብስ ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ስፌት ነበር፤ ያንን ማንም ወረራ ብሎ አልጠራውም። የተለመደ ልብስ ልብስ መሆኑ አይታይም፤ የሚታየው የሌላው ነው።

በከተማው ዳርቻ

ለምሳሌ ያህል ከኪቢሽ አካባቢ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ቱም የሚመጣ የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። ከቤቱ የሚወጣው ጨርቁን በትከሻው ላይ ቋጥሮ ነው። ቦላሌው፣ ሸሚዙና ኮንጎ ጫማው በፌስታል ተጠቅልለዋል። ከተማው ከመግባቱ በፊት ከመንገድ ወጣ ብሎ ይለውጣል፤ ሲመለስም በዚያው ቦታ መልሶ ይለውጣል። ቦላሌውን ለብሶ በትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ ዘበኛው የተላጨ ፀጉሩንና በቆዳው ላይ ያለውን ጌጥ አይቶ፣ «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ? ከየት ነው የመጣኸው?» ሲል ይጠይቀዋል። ከእርሱ ጋር የገቡትን ሌሎች ግን አልጠየቃቸውም። በመንደሩ ደግሞ ታላላቆቹ ቦላሌውን አይተው፣ «የከተማ ሰው ሆንክ፤ ከብቱንስ ማን ይጠብቅ?» ይሉታል። ልጁ በሁለቱም በኩል የሚከፍለው ዋጋ አለ። አንዳንድ መምህራን ይህንን «ዘመናዊነትን መቀበል» ወይም «ባህልን መጣል» እያሉ ይገልጹታል፤ ልጁ ግን አንዱንም አልተቀበለም፣ አንዱንም አልጣለም። በየቦታው የሚያስፈልገውን ለበሰ እንጂ።

በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። ከ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ከሱዳን በኩል የገባው የክላሽንኮቭ ጠመንጃ በአካባቢው የነበረውን የኃይል ሚዛን አናግቷል። በሱሪና በዲዚ መካከል በከብት፣ በመሬትና በደም ምክንያት የደረሱት ግጭቶች በሁለቱም ወገን ቤተሰቦችን አሳዝነዋል። ዘመዱ የተገደለበት የዲዚ ልጅ የትከሻ ጨርቅ ባየ ቁጥር ቢደነግጥ ሊፈረድበት አይገባም። ሆኖም ግን ድንጋጤው ከአጥፊው ተነሥቶ ጨርቁን ወደ ለበሰው ሁሉ ሲዛመት፣ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ያልሠራውን ወንጀል ተሸክሞ ይውላል። እዚህ ላይ ለመምህራን የሚጠቅም አንድ ታሪካዊ እውነት አለ፤ የዲዚ ባላባቶች ዝናብ አዝናቢ ተብለው ይታመኑ ስለነበረ፣ በድርቅ ጊዜ ሱሪዎች ወደ እነርሱ ይወጡ ነበር፤ በሁለቱ ሕዝቦች መሪ ቤተሰቦች መካከልም የጥንት ትስስር እንዳለ የሚናገር ትውፊት ኖሯል። የግጭቱ ዘመን የግንኙነቱ ሙሉ ታሪክ አይደለም።

ሌላው ወገን ደግሞ አድናቂው ነው። የውጭ ጎብኚዎች ካሜራ ይዘው ወደ ሱሪ መንደሮች መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ገላን ማስጌጥ በከፊል የገቢ ምንጭ ሆኗል። ለፎቶግራፍ ሲባል በአበባና በቅጠል የሚደረገው ጌጥ ከቀድሞው ልማድ እየራቀ መጥቷል። ተርተን ስለ ሙርሲ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2004 በጻፉት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ፎቶ ተነሺዎቹ ከገንዘቡ ጋር የተናቁ መሆናቸውንም ያውቃሉ። ስለሆነም የቆላው ልጅ ጨርቁን አውልቆ ቦላሌ እንዲለብስ መምህሩ ይገፋፋዋል፤ ጎብኚው ደግሞ ቦላሌውን አውልቆ እንዲቆም ይከፍለዋል። ሁለቱም ስለ ልጁ አስቀድመው የቀረጹት ምስል አላቸው።

የዚህ ተቃርኖ ጎልቶ የሚታይበት ቀን ኅዳር 29 ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ይህ ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ይከበራል። በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች «የባህል ልብስ» ለብሰው ይሰለፋሉ። በዚያን ዕለት በትከሻ ላይ የተቋጠረው ጨርቅ ይጨበጨብለታል፤ በማግስቱ ግን ያው ጨርቅ ከበር ያስመልሳል። በተጨማሪም ለሰልፉ ሲባል እያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ ልብስ ብቻ እንዳለው ተደርጎ ይቀርባል። አባቱም እርሱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ቦላሌ የለበሱ የዲዚ ልጅ «የአንተስ የባህል ልብስ የታለ?» ሲባል ከጎረቤት ተውሶ ይመጣል። ቀኑን ማክበር ተገቢ ነው፤ ልብሱን የማንነት ማረጋገጫ ማድረግ ግን ስድቡ ይሠራበት የነበረውን ዘዴ በጭብጨባ መድገም ነው።

ከቱም ውጭ

በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት «አራዳ» እና «ፋራ» የሚሉት ቃላት ናቸው። ከገጠር የመጣ ተማሪ ቦላሌውን ከፍ አድርጎ በመታጠቁ «ፋራ» ይባላል፤ ዝቅ አድርጎ የታጠቀው ወይም ፀጉሩን የጎነጎነው ደግሞ በሌላ ወገን «ዱርዬ» ተብሎ ይጠረጠራል። ሁለቱም ቦላሌ ከአንድ የሳልባጅ ክምር የተገዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሌሎች አገሮች የልብስ ፍርድ እስከ ደም መፋሰስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1943 በሎስ አንጀለስ ከተማ የአሜሪካ መርከበኞች ሰፋፊ ቦላሌና ረጅም ኮት የሚለብሱ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶችን በየመንገዱ እያሳደዱ ደበደቡ፤ ልብሳቸውንም እየገፈፉ ጣሉ። በጦርነቱ ምክንያት ጨርቅ በራሽን ይከፋፈል ስለነበረ ሰፊ ልብስ መልበስ እንደ ክህደት ተቆጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 26 ቀን 2012 በፍሎሪዳ የተገደለው የ17 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ትሬይቮን ማርቲን ቆብ ያለው ሹራብ ለብሶ ነበር። ከሞቱ በኋላ ለጥፋቱ ሹራቡን ተጠያቂ ያደረጉ ነበሩ፤ በተቃውሞ ያንኑ ዓይነት ሹራብ ለብሰው የተናገሩት የምክር ቤት አባል ቦቢ ረሽም ከአዳራሽ እንዲወጡ ተደርጓል። ሹራቡን ነጮች ተማሪዎችም ይለብሱታል፤ እንደ ማስረጃ የተቆጠረው ግን ጥቁሩ ልጅ ሲለብሰው ነው።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በእስራኤል የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ልጆች ሁኔታ ነው። ወላጆቻቸው በጎንደር ገጠር ሳሉ ከራሳቸው ይበልጥ የጠቆረውን «ባሪያ» ብለው ይለዩ ነበር። ልጆቹ ግን በቴል አቪቭና በሐይፋ «ኩሺ» ተብለው ተሰደቡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሬጌና የራፕ ሙዚቀኞችን አለባበስ መርጠዋል፤ ልብሱ ከሩቅ አገር ጥቁሮች ጋር የሚያስተሳስራቸው ምልክት ሆነላቸው። ለፖሊስ ደግሞ የጥርጣሬ ምልክት ሆነ። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ያቋቋመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረበው ሪፖርት በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ዘረኝነት መኖሩን አረጋግጧል። በአገሩ ሌላውን በልብሱና በቆዳው ይመዝን የነበረ ማኅበረሰብ፣ ልጆቹ በልብሳቸውና በቆዳቸው ሲመዘኑ አይቷል።

የዕድሜው ባሕርይና የመምህሩ ግምት

የሥነ ልቡና ተመራማሪው ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደገለጹት፣ ጎረምሳ ሁልጊዜ ሰዎች የሚመለከቱት ይመስለዋል፤ ይህንንም «ምናባዊ ተመልካች» ብለውታል። በሸሚዙ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ሁሉም ዓይን ያረፈባት ሆና ትታየዋለች። ይህ አገላለጽ ለብዙ ተማሪዎች ትክክል ነው። ከቆላ ወደ ቱም የመጣው ልጅ ግን የሚያስበው ተመልካች ምናባዊ አይደለም፤ ዘበኛው፣ የክፍል ጓደኞቹ፣ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ በእርግጥ እየተመለከቱት ነው። ስለዚህ «የዕድሜው ጠባይ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

የመምህር ግምት በተማሪ ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ ሮዘንታልና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ጥናታቸውን ካወጡ ወዲህ ሰፊ ክርክር ተካሂዶበታል። ውጤቱ መጀመሪያ እንደተነገረው ትልቅ እንዳልሆነ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ቢሆንም መምህሩ ከማን ብዙ እንደሚጠይቅ፣ ለማን ለመመለስ ጊዜ እንደሚሰጥ በግምቱ እንደሚመራ የታወቀ ነው። ልብሱ ታይቶ ከኋላ ወንበር የተመደበ ልጅ ሰሌዳውንም ከሩቅ ነው የሚያየው።

የትምህርት ታሪካችንም በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደነቀ ነበር። ከ15ቱ ውስጥ ካፋ–ሞቻ ይገኝበታል፤ የዲዚና የሱሪ ቋንቋዎች ግን አልነበሩበትም። በእነዚህ መንደሮች ትምህርት የደረሰው በሌላ ሰው ቋንቋ፣ ሌላ ሰው በለበሰው ልብስ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መብት አድርጎ ሲያስቀምጥ የቋንቋውን ጉዳይ አንሥቷል፤ የልብሱ ጉዳይ ለየትምህርት ቤቱ ልማድ ተትቷል።

በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚችለው

ዩኒፎርም ልዩነትን ይሸፍናል ተብሎ ይታመናል፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን ቦላሌና ሸሚዝ ለከተማው ልጅ የዘወትር ልብሱ ሲሆን ለቆላው ልጅ ሙሉ ለሙሉ አዲስ ወጪ ነው። ለዕቅድ አውጪዎች በተለይ ሊጤን የሚገባው ጊዜው ነው። ዩኒፎርም የሚጠየቀው በመስከረም ነው፤ በአካባቢው የቡና ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው ግን ለቀማው በጥቅምትና በኅዳር ከተጀመረ በኋላ ነው። ዩኒፎርም ለመግዛት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ መስጠት ምንም በጀት አይጠይቅም፤ ከበር የሚመለሱትን ልጆች ቁጥር ግን ይቀንሳል። ሸሚዙን ብቻ አስገዳጅ አድርጎ ከወገብ በታች ያለውን ለቤተሰብ መተውም ይቻላል። ንጽሕና ለብቻው ይታይ፤ የታጠበ የትከሻ ጨርቅ ካልታጠበ ቦላሌ የበለጠ ንጹሕ ነውና «ንጽሕና» እየተባለ የአለባበስ ጥላቻ ሊሸፈንበት አይገባም።

በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚታዩት ሥዕሎችም መታረም ይገባቸዋል። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና መምህሩ ኮት ለብሰው፣ የቆላው ሰው ግን ሁልጊዜ በጌጡ ቆሞ የሚታይ ከሆነ፣ መጽሐፉ ከጽሑፉ ይልቅ በሥዕሉ ያስተምራል። የሱሪ ሰው መርፌ ሲወጋ፣ ቴርሞሜትር ሲያነብ፣ በሌላ ሥዕል ደግሞ ከብቱን ሲጠብቅ ማሳየት ብዙ አይከብድም።

ለክፍል ውይይት የሚሆን አንድ ቀላል ልምምድ አለ። ተማሪዎች በደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምድ አስምረው በመጀመሪያው በሳምንት ውስጥ የሚለብሱትን ሁሉ፣ በሁለተኛው የት እንደሚለብሱት፣ በሦስተኛው ማን እንዳያያቸው ብለው እንደሚለውጡት ይጻፉ። የሱሪውን ልጅ ለይቶ በሁሉ ፊት ማስነበብ አይገባም፤ የከተማው ልጅ ለእናቱ፣ ለጓደኞቹና ለቤተ ክርስቲያን ምን ያህል እንደሚለዋውጥ ሲቆጠር በፌስታል የተጠቀለለው ቦላሌ እንግዳ ነገር መሆኑ ይቀራል። ልምምዱን መምህሩ ራሱ በሰሌዳ ላይ ቢጀምረውና ከወረዳ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ የሚለብሰውን ኮት በሦስቱም ዓምዶች ቢሞላ፣ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ለመጻፍ አይቸገሩም።